ቤቱን ከመሳላችሁ በፊት ደንቡን ሳሉት

ቤት ልሠራ ነው የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያሳየኝ ፎቶ ነው። ስልኩን ያወጣል። ጣቱን እያንሸራተተ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት የሆነ፣ በረንዳው ወደ መንገድ የወጣ፣ ደረጃው አየር ላይ የተንጠለጠለ የሚመስል ቤት ያሳየኛል። «እንዲህ አድርገህ ሳልልኝ» ይላል። ሥራዬ ፕላን መሳል ስለሆነ ለምጄዋለሁ። የምጠይቀውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የቦታህን ደንብ አይተኸዋል?» አብዛኛው ሰው አላየውም። ደንብ ማለት መጨረሻ ላይ፣ ፈቃድ ሲጠየቅ የሚመጣ ጣጣ ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ከተማ ውስጥ ቤታችሁ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ስንት ፎቅ እንደሚሆን፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደሚከፈት አንድም መስመር ሳይሰመር ግማሹ ተወስኗል። ቀድማችሁ ካወቃችሁት ዲዛይኑ ከደንቡ ጋር አብሮ ያድጋል። ዘግይታችሁ ካወቃችሁት የሚቆረጠው ያ የወደዳችሁት ሳሎን ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። በአማርኛ «ደረጃ» ስንል የምንወጣበትም ነው፣ መስፈርቱም ነው። እንዳይምታታ እዚህ «ደረጃ» ካልኩ የምንወጣበትን ማለቴ ነው፤ ሌላውን «ደንብ» ወይም «መስፈርት» እላለሁ። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ደግሞ አንዳንዶቹ በሌሎች አገሮች ከሚሠራባቸው የሕንፃ ደንቦች የተወሰዱ፣ አንዳንዶቹ እኔ ለምሳሌ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። የናንተ ከተማ ቁጥር ሌላ ከሆነ የሚሠራው የናንተ ከተማ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን አምጡ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ደንቡን ከጎረቤት አትጠይቁ። ጎረቤት የሠራው የዛሬ አሥር ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ደንቡም ከዚያ ወዲህ ተቀይሮ ይሆናል፤ ወይም ሰውየው ሳይፈቀድለት ሠርቶ እስካሁን ሳይነካ የቀረ ነው። «እሱ ሠርቶ የለም እንዴ?» የሚለው ክርክር ፈቃድ ሰጪ ፊት ቀርቦ ሲያሸንፍ አላየሁም። የከተማው የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ሂዱና ለቦታችሁ የሚሠራውን መረጃ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተነገራችሁን አትያዙ። የነገራችሁ ሰው ነገ ሌላ ክፍል ሊዛወር ይችላል።

ሁለት ዓይነት ደንብ እንዳለ ልብ በሉ። አንዱ የፕላን ደንብ ነው፤ ስለ ቦታው፣ ስለ መንገዱና ስለ ጎረቤቱ ያወራል። ከወሰን ስንት ሜትር ትርቃላችሁ፣ ከቦታው ስንት እጁን ትሸፍናላችሁ፣ እስከ ስንት ሜትር ከፍ ትላላችሁ፣ መኪና የት ይቆማል፣ አጥሩ ምን ያህል ይሁን። ሌላው የሕንፃ ደንብ ነው፤ ወደ ቤቱ ውስጥ ይገባል። የክፍል ስፋት፣ የጣሪያ ከፍታ፣ ብርሃን፣ አየር፣ ደረጃ፣ እሳት፣ ፍሳሽ። ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን አሟልቶ ጨረስኩ ይላል፣ ከዚያ ፕላኑ በሁለተኛው ይመለስበታል።

ቢሮው ድረስ ከሄዳችሁ አይቀር ሰው የማይጠይቃቸውን ጥያቄዎችም ጠይቁ፤ መንገዱ ወደፊት ይሰፋል ወይ፣ ከሰፋ የትኛው አጥር ነው የሚፈርሰው፣ በቦታው ውስጥ የሚያልፍ የውሃ ወይም የመብራት መስመር አለ ወይ፣ የፍሳሹ ማንሆል የት ነው፣ የቱቦው ጥልቀትስ ስንት ነው። የመጨረሻውን ጥያቄ አትርሱት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ደንቡ ከቢሮ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1666 ለንደን በእሳት ጋየች፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግ አዲስ ቤት በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠራ አስገደደ። ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ በ1915 ኢኩቴብል የተባለው ሕንፃ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጣና ጎረቤቶቹን ጥላ አለበሳቸው። በ1916 ከተማዋ ሕንፃ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ኋላ እያፈገፈገ እንዲሠራ የሚያዝ ደንብ አወጣች። አንድ አንቀጽ ትርጉም የለሽ ሲመስላችሁ አራት ነገር ጠይቁት፤ የእሳት ነው፣ የብርሃን ነው፣ የውሃ ነው፣ ወይስ የመውደቅ? አብዛኛው ከአራቱ በአንዱ ይገባል። ምክንያቱ ከገባችሁ ደግሞ ከባለሙያው ጋር መነጋገር ይቀላል።

ባዶውን ሳጥን ሳሉ

አሁን ወረቀትና ማስመሪያ አውጡ። ሳሎን አትሳሉ፣ መኝታ ቤት አትሳሉ። ቦታውን ብቻ ሳሉት፣ ከዚያ ደንቡ የሚከለክለውን በእርሳስ አጥቁሩት። ነጭ ሆኖ የቀረው ቤታችሁ የሚገባበት ሳጥን ነው።

ቦታችሁ 10 በ20 ሜትር ነው እንበል፣ 200 ካሬ። ደንቡ ከፊት 3 ሜትር፣ ከኋላ 2 ሜትር፣ ከሁለቱ ጎን አንድ ሜትር ተኩል አንድ ሜትር ተኩል ልቀቁ ይላል። ባለሙያዎች ሴትባክ የሚሉት ይህንን ነው። ስፋቱ 7 ሜትር ቀረ፣ ርዝመቱ 15። በጠቅላላው 105 ካሬ። ጥሩ ነው ብላችሁ እዚያ አትቁሙ፤ ሌላ አንቀጽ ሕንፃው ከቦታው 50 በመቶ በላይ አይሸፍንም ይላል፣ ማለትም 100 ካሬ። 5 ካሬ ራገፈ። ቀጥሎ ኤፍ ኤ አር የሚባለው ይመጣል። የፎቆቹ ሁሉ ስፋት ተደምሮ ለቦታው ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። 1.5 ከሆነ 200 በ1.5 ተባዝቶ 300 ካሬ መሥራት ትችላላችሁ። ሦስት ፎቅ፣ እያንዳንዱ 100። ሂሳቡ ያምራል።

ግን ወደ ጎን መስኮት ስትከፍቱስ? ብዙ ደንብ ባዶ ግድግዳ ሲሆንና መስኮት ሲኖረው የሚያስለቅቀው ርቀት ይለያያል። በአንዱ ጎን መስኮት ስላላችሁ 3 ሜትር ልቀቁ ቢላችሁ ስፋቱ 5 ሜትር ተኩል ይሆናል። በ15 ሲባዛ 82.5 ካሬ። በሦስት ፎቅ 247.5። አንድ የጎን መስኮት 52.5 ካሬ ወሰደባችሁ ማለት ነው። እኔ እንዲህ ሲሆን ለባለቤቱ ሁለቱንም ሳጥን ጎን ለጎን ስዬ አሳየዋለሁ። አንዳንዱ ብርሃኑን ይመርጣል፣ አንዳንዱ ካሬውን። ሁለቱም ልክ ነው፤ ልክ ያልሆነው ሳያውቁ መምረጥ ነው።

በረንዳ፣ ምድር ቤት፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የደረጃ ቤት ከካሬው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ይህ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ጠይቁ።

ከፍታው ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። 9 ሜትር ይፈቀዳል ተብላችሁ «እሺ፣ ሦስት ሜትር ሦስት ሜትር ሦስት ፎቅ» ትላላችሁ። ቤቱ ግን ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚጀምረው። ላይ ደግሞ የጣሪያው ዙሪያ ግድግዳ፣ ፓራፔት የሚባለው፣ አንድ ሜትር ያህል አለው። 10.45 ሆነ። ከየት እስከ የት ነው የሚለካው? ከመንገዱ ነው ከቦታው መሬት? ቦታው ተዳፋት ከሆነ ከላይኛው ጫፍ ነው ከታችኛው ወይስ አማካዩ ተወስዶ? እስከ ፓራፔቱ ነው እስከ መጨረሻው ስላብ፣ ማለትም እስከ ላይኛው የኮንክሪት ንጣፍ? የእነዚህ መልስ አንድ ሙሉ ፎቅ ሊያስገኝ ወይም ሊያሳጣ ይችላል። በምሳሌያችን ፓራፔቱ ካልተቆጠረ ከወለል ወለል 2.75 አድርጋችሁ ሦስቱን ፎቅ ታስገባላችሁ፤ 8.25 ሲደመር 0.45፣ 8.70። ስላቡና የወለሉ ንጣፍ 25 ሳንቲ ያህል ስለሚወስድ ክፍሉ ውስጥ 2.50 ይቀራል። ይበቃል። ግን ቢሙ፣ ስላቡን የሚሸከመው አግድም ኮንክሪት፣ 25 ሳንቲ ወደ ታች ከወረደ ከሥሩ 2.25 ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችው የቤት ስፋት መስፈርት ከወለሉ ስፋት ቢያንስ በሦስት አራተኛው ላይ የጣሪያው ከፍታ 2.30 እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ቢሙን ክፍል መሃል ላይ አትጣሉት፣ ግድግዳ ካለበት ጋር አሳልፉት። ይህን መሃንዲሱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ንገሩት። ከጨረሰ በኋላ ከነገራችሁት ሂሳቡን እንደ አዲስ ነው የሚሠራው።

ብርሃን በካሬ ይለካል

ሳጥናችን 15 ሜትር ርዝመት አለው። የቀን ብርሃን በአንድ በኩል ባለ መስኮት ሲገባ በደንብ የሚደርሰው፣ በግምት፣ የመስኮቱ ላይኛ ጠርዝ ከወለሉ ካለው ከፍታ ሁለት ጊዜ እስከ ሁለት ጊዜ ተኩል ድረስ ነው። ጠርዙ 2.10 ላይ ከሆነ ከ4 እስከ 5 ሜትር መሆኑ ነው። ከፊት 5፣ ከኋላ 5 ብትሉ መሃል ላይ 5 ሜትር ጨለማ ተረፈ። እዚያ ደረጃውን፣ መታጠቢያውንና ዕቃ ቤቱን አስገቡ፤ ወይም ትንሽ የብርሃን ጉድጓድ ክፈቱ። መኝታ ቤት እዚያ መሃል ካስገባችሁ ግን ፕላኑ ይመለሳል። ባይመለስም ልጃችሁ ቀኑን ሙሉ አምፖል አብርቶ ነው የሚኖረው።

በሰሜን አሜሪካ በሰፊው የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ደንብ የመስኮት መስታወት ከክፍሉ ወለል ቢያንስ 8 በመቶ፣ የሚከፈተው ክፍል ደግሞ 4 በመቶ እንዲሆን ይላል። 10 በመቶ የሚጠይቁም አሉ። ቀላል ይመስላል። እስቲ በቅርብ እንየው። 12 ካሬ ክፍል አለን፣ ደንባችን 10 በመቶ ይላል፣ 1.2 ካሬ መስታወት ያስፈልጋል። ፕላኑ ላይ 1.20 በ1.20 መስኮት ይሳላል። 1.44 ካሬ፣ ተርፎን! ግን ይህ የግድግዳው ቀዳዳ ነው። ፍሬሙ ዙሪያውን 6 ሳንቲ ይበላል፣ መሃል ላይ ያለው ቋሚ 8 ሳንቲ ይበላል። የሚተርፈው መስታወት 1.08 ካሬ ነው። አላለፈም። የሚንሸራተት መስኮት ከሆነ ደግሞ የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው፣ 0.54 ካሬ። ለአየሩ ከ12 ካሬ 4 በመቶ፣ 0.48፣ ስለሆነ ለጥቂት አለፈ። ያንኑ መስኮት 1.20 በ1.50 ብታደርጉት ጣጣው ሁሉ ይቀራል። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ናት።

ጎረቤትስ? ብሪታንያ ውስጥ ለመጀመሪያ ማጣሪያ የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ። ከመስኮቱ መካከል ተነስታችሁ ወደ ፊት አግድም ታያላችሁ፣ ከዚያ 25 ዲግሪ ቀና ትላላችሁ። ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ከዚያ መስመር በላይ ካልወጣ ብርሃናችሁ ደህና ነው። 6 ሜትር የሚርቅ ግድግዳ ከመስኮታችሁ መካከል 2.80 ያህል ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። ይህን ለራሳችሁ ብቻ አትለኩ፤ ከጎረቤታችሁ መስኮት ተነስታችሁም ወደ ቤታችሁ ለኩ። ቅሬታ ሲመጣ የሚያወጣችሁ ያ መስመር ነው።

ክፍሉን በአልጋ ለኩት

የክፍል ስፋት ላይ ደንቡ ዝቅተኛውን ነው የሚነግራችሁ። ከላይ ያነሳሁት የእንግሊዝ መስፈርት ለአንድ ሰው መኝታ ቤት 7.5 ካሬና 2.15 ስፋት፣ ለሁለት ሰው 11.5 ካሬና ለዋናው መኝታ 2.75 ስፋት ይላል። የሰሜን አሜሪካው ወደ 6.5 ካሬ ይወርዳል። 6.5 ካሬ ክፍል ደንቡን ያልፋል፣ ግን እዚያ ውስጥ የቁምሳጥን በር ከፍቶ የሚለብስ ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት።

አሁን የተኛችሁበትን ክፍል ለኩ። ሜትር አውጡ፣ ከምር። 1.50 በ2 ሜትር አልጋ ከሆነ፣ በሁለቱም ጎን 75 ሳንቲ ሜትር ብትተዉ ስፋቱ 3 ሜትር ነው። በርዝመቱ አልጋው 2 ሜትር፣ መተላለፊያው 75፣ ቁምሳጥኑ 60፣ በድምሩ 3.35። በሩ ሲከፈት የት ይመታል? አልጋውን ከሆነ ማጠፊያውን ወደ ሌላው ጎን አዙሩት። ወረቀት ላይ ሲሆን በላጲስ ነው የሚሠራው።

አንድ የሚረሳ ነገር፣ ልስን። ፕላን ላይ ከብሎኬት እስከ ብሎኬት 2.75 ተብሎ የተጻፈ ክፍል በሁለቱም በኩል ሁለት ሳንቲ ተኩል ሲለሰን 2.70 ይሆናል። ደንቡ 2.75 የሚል ከሆነ ወድቃችኋል። ስለዚህ ዝቅተኛው ላይ ልክክ አድርጋችሁ አትሳሉ፣ አምስት ሳንቲ ጨምሩ።

በር ላይ ብዙ አልቆይም። ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያልፍ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ንጹሕ ክፍተት ይፈልጋል። ይህ የበሩ ስፋት ሳይሆን በሩ ተከፍቶ የሚቀረው ነው፣ ስለዚህ ባለ 90 በር ያዙ። ወንበሩ የሚዞርበት ቦታ አንድ ሜትር ተኩል ዲያሜትር ነው። መግቢያው ላይ ደረጃ በሌለበት ለመግባት አንድ ለአሥራ ሁለት ተዳፋት ነው የተለመደው፤ ከመሬት 45 ሳንቲ ከፍ ያለ ቤት 5.40 ሜትር መወጣጫ ይፈልጋል። ከፊት የለቀቃችሁት 3 ሜትር ብቻ ስለሆነ ቀጥ ብሎ አይገባም፣ ከጎን ማዞር አለባችሁ። «እኛ ቤት ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም የለም» የሚል አለ። ዛሬ የለም።

ደረጃው ላይ ቆም በሉ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳበት የቤቱ ክፍል ይህ ስለሚመስለኝ፣ የራሴም ጥፋት ያለበት ስለሆነ፣ እዚህ ጋ ረዘም እላለሁ።

ምቹ ደረጃ ሂሳብ አለው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንስዋ ብሎንዴል የተባለ ፈረንሳዊ ያስቀመጠው ቀመር ዛሬም ይሠራል፤ የእርከኑን ከፍታ ሁለት ጊዜ፣ መርገጫውን አንድ ጊዜ ወስዳችሁ ስትደምሩ የአንድ ሰው እርምጃ ሊሆን ይገባል። በዛሬው ልምድ ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር ነው። የእኛ ምሳሌ ቤት ከወለል ወለል 2.75 ነበር። በ16 እርከን ስታካፍሉት 17.2 ይመጣል። መርገጫው 28 ይሁን። ሁለት ጊዜ 17.2 ሲደመር 28፣ 62.4። ሸጋ ደረጃ ነው። የሰሜን አሜሪካው ደንብ ከፍታው ከ19.6 እንዳይበልጥ፣ መርገጫው ከ25.4 እንዳያንስ ይላል፤ ብሪታንያ ለግል ቤት ከፍታው እስከ 22 እንዲወጣ፣ መርገጫውም እስከ 22 እንዲወርድ ትፈቅዳለች፣ ግን ተዳፋቱ ከ42 ዲግሪ እንዳይበልጥ ስለምትል ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም። ወደዚያ የተጠጋ ደረጃ በጣም ቀጥ ያለ ነው፤ ደንብ ስለፈቀደ ብቻ አትሥሩት።

ቦታውንስ ስንት ይወስዳል? ስምንት እርከን ወጥቶ ዞሮ ስምንት የሚወጣ ከሆነ በአንድ ጎን ሰባት መርገጫ አለ፣ 1.96 ሜትር። መዞሪያው አንድ ሜትር፣ ላይ ስትደርሱ የምትቆሙበት አንድ ሜትር። በጠቅላላው 4 ሜትር ያህል፣ ወርዱ 2.10። 8.4 ካሬ በየፎቁ። ፎቶ ላይ ያያችሁት ደረጃ ሁለት ካሬ ላይ የቆመ የሚመስለው ፎቶው ስለሆነ ነው። ጭንቅላታችሁ የሚያልፍበት ከፍታም ከእርከኑ ጫፍ ተነስቶ ቢያንስ 2 ሜትር ይሁን። የላይኛውን ስላብ ቀዳዳ አሳጥሮ መኝታ ቤት ለማስፋት የሚሞክር አለ፣ ግንባሩን እስኪመታው።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት። የራሴን ቤት ደረጃ ፕላኑን ራሴ ነበርኩ የሳልኩት። ሁሉም እርከን ልክ 17። ካሳፎርማው ሲሠራ ቆሜ ለካሁ፣ ኮንክሪቱ ሲሞላም ለካሁ፣ ደስ አለኝ። ከወራት በኋላ ንጣፉ መጣ። ታች ወለሉ ላይ ሊሾውና ሴራሚኩ 5 ሳንቲ ወጣ። ደረጃው ላይ እምነበረዱ ከነማጣበቂያው 3 ሳንቲ ነው። ላይኛው ፎቅ ደግሞ እንደ ታቹ 5 ሳንቲ። ምን ሆነ? የመጀመሪያው እርከን 15 ሆነ፣ የመጨረሻው 19፣ መካከለኞቹ በሙሉ 17። የአራት ሳንቲ ልዩነት። የሰሜን አሜሪካው ደንብ በአንድ ደረጃ ላይ የሚፈቅደው ልዩነት አንድ ሳንቲ እንኳ አይሞላም፣ 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። እግር ከሁለተኛው እርከን በኋላ አይቶ አይደለም የሚረግጠው፣ ለምዶ ነው። ወደ እኛ ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ የመጨረሻዋ እርከን ላይ ጫማው ይነካል፤ እኛ የቤቱ ሰዎች ለመድነው፣ እግራችን ያውቃታል። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ግን እኛንም ታስታውሰናለች።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ኮንክሪቱን እኩል አድርጎ ሳይሆን ንጣፉ አልቆ እኩል እንዲሆን አድርጎ መሳል። የመጀመሪያውን ኮንክሪት እርከን 19፣ የመጨረሻውን 15 ብዬ ብጽፍ ኖሮ ሁሉም 17 ይሆን ነበር። ስለዚህ ፕላን ሳይጸድቅ በፊት የየወለሉን ንጣፍ ውፍረት ወስኑ፣ ሴክሽኑ (ቤቱ ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ የሚታይበት ሥዕል) ላይም ይጻፍ። «ሴራሚኩን በኋላ እንመርጣለን» ማለት ይቻላል፣ ውፍረቱን ግን አሁን ምረጡ።

መደገፊያው ላይ ሁለት ነገር። በብረቶቹ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ኳስ ማለፍ የለበትም፣ ምክንያቱም እሱ ካለፈ የሕፃን ገላ ሊያልፍ ይችላል። አግድም የሆነ ብረት ደግሞ ለልጅ መሰላል ነው። ፋሽን እንደሆነ አውቃለሁ። ልጅ ካላችሁ ቋሚውን ምረጡ። ከፍታው በአንዳንድ ደንብ 91 ሳንቲ፣ በሌላው ለበረንዳ 1.10 ነው፤ እኔ ለበረንዳ 1.10ን ነው የምይዘው።

እሳት ሲነሳ በየት ትወጣላችሁ

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። እያንዳንዱን መኝታ ቤት ያዙና በሩ ተዘጋ በሉ፣ ኮሪደሩ ጭስ ሞልቷል። በመስኮት መውጣት ይቻላል? የሰሜን አሜሪካው ደንብ ንጹሕ መከፈቻው 0.53 ካሬ እንዲሆን፣ ከፍታው ከ61 ሳንቲ ስፋቱም ከ51 እንዳያንስ፣ የታችኛው ጠርዝም ከወለሉ ከ1.12 ሜትር በላይ እንዳይሆን ይጠይቃል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ 61 በ51 ሲባዛ 0.31 ብቻ ነው፣ አያልፍም። ስፋቱን 51 ካደረጋችሁ ከፍታው 1.04 መሆን አለበት። የሌባ መከላከያ ብረት ካስገባችሁ አንዱ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን። ቁልፉ ያለው ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ከሆነ የለም ማለት ነው።

ወሰን ላይ የተጠጋ ግድግዳ ላይ ደንቡ የሚጠነክረው ለምን እንደሆነ ከለንደን ታሪክ ይገባችኋል። በጣም ከተጠጋ መስኮት አይፈቀድም፣ ትንሽ ከራቀ ግድግዳው ለተወሰነ ሰዓት እሳት የሚቋቋም ይሁን ይባላል። የጭስ ማስጠንቀቂያ በየመኝታ ቤቱ፣ ከመኝታ ቤቶቹ ውጪ ኮሪደሩ ላይና በየፎቁ ይደረግ። ሽቦው ከልስኑ በፊት ይዘርጋ።

ውሃ ወደ ታች ብቻ ይሄዳል

ያስቀረኋት ጥያቄ ይህች ናት፤ የከተማው ፍሳሽ ቱቦ ጥልቀት። የመጸዳጃ ቱቦ በተለምዶ በ100 ሜትር ሁለት ሜትር ይዘቀዝቃል። መታጠቢያ ቤታችሁ ከማንሆሉ 12 ሜትር ቢርቅ በመንገዱ ላይ 24 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ከቤቱ ሲወጣ ከመሬት በታች 50 ሳንቲ ላይ ነው ካልን ማንሆሉ ጋ ሲደርስ 74 ላይ ነው። የከተማው ቱቦ 60 ላይ ከሆነስ? ፍሳሹ ሽቅብ አይሄድም። ወይ ቤቱን ከፍ ታደርጋላችሁ፣ ወይ መታጠቢያውን ወደ መንገዱ ታቀርባላችሁ፣ ወይ ዕድሜ ልካችሁን ፓምፕ ትጠግናላችሁ። ይህ ሁሉ ከአንድ ቁጥር የሚመጣ ነው። መታጠቢያ ቤቶቹን አንዱን ካንዱ በላይ ደርድሩ፣ ከኩሽናውም ጋር ግድግዳ ይጋሩ። መኝታ ቤት ኮርኒስ ውስጥ የሌላ ሰው ሽንት ቤት ቱቦ ሲንፎለፎል መስማት የሚፈልግ የለም።

ዝናቡስ? አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ሲጥል 3000 ሊትር ነው። ያን በአሸንዳ ሰብስባችሁ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ማፍሰስ በየትኛውም ከተማ ጠብ ነው። ከግቢያችሁ ሁሉን በሲሚንቶ አትሸፍኑ፤ ብዙ ደንቦች አሁን የተወሰነው መሬት ውሃ የሚጠጣ ሆኖ እንዲቀር ይጠይቃሉ፣ ባይጠይቁም ተዉት።

የፊት ገጽታ

«ከአካባቢው ጋር የተጣጣመ ይሁን» የሚለው አንቀጽ ሰውን ያበሳጫል፣ እኔንም ያበሳጨኛል፣ ምክንያቱም በሜትር አይለካም። አንዳንድ ከተማ ግን ቁርጡን ይናገራል፤ ኢየሩሳሌም ከ1918 ጀምሮ ሕንፃ በአካባቢው ድንጋይ እንዲለበስ ታስገድዳለች። ባርሴሎና ውስጥ ሰርዳ የተባለ መሃንዲስ ያቀደው ሰፈር ደግሞ ማዕዘኑ ላይ ያለ ሕንፃ ሁሉ ጫፉ የተቆረጠ ነው። የናንተ ከተማ ቁርጡን ካልተናገረ ይህን አድርጉ፦ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን አምስት አምስት ቤት ፎቶ አንሱ፣ ጎን ለጎን ደርድሩ፣ የወለሎቹን መስመርና የመስኮቶቹን ቅርጽ (ቋሚ ነው ወይስ አግድም) እዩ፣ የናንተን ሥዕል መሃል አስገቡ። ከማመልከቻው ጋር አያይዙት። ሃሳብን በቃል ከመከራከር ይሻላል። ማዕዘን ላይ ያለ ቦታ ካላችሁ ሾፌር ወዲያ ማዶ እንዲያይ አጥሩ ጥጉ ላይ ዝቅ እንዲል ይጠየቃል፤ አትከራከሩ።

ስታስገቡና ስትሠሩ

ፕላኑን ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ገጽ ሥሩ። በአንድ በኩል ደንቡ የሚለው፣ በሌላው የናንተ ቁጥር፣ ቀጥሎም የትኛው ሥዕል ላይ እንደሚገኝ። መርማሪው ያንን ለራሱ ማውጣት ነበረበት፤ እናንተ ስላወጣችሁለት ሥራው ይቀልለታል፣ እናንተም ስትሞሉት ስህተታችሁን ታገኛላችሁ። ቦታው ከአንድ አንቀጽ ጋር ጨርሶ አልሄድ ካለ ልዩ ፍቃድ የሚጠየቅበት መንገድ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሳይጠይቁ ሠርቶ ይቅርታ መጠየቅ ግን ኮንክሪት ላይ አይሠራም።

ሳይት ላይ ደግሞ ፎርማኑ «መስኮቱን ትንሽ ወደዚህ ብናመጣው አይሻልም?» ይላል። ይሻል ይሆናል። ግን ያ መስኮት ከወሰን የሚርቀው ታስቦ ነው፣ መስታወቱ ተሰልቶ ነው። መልሳችሁ «ፕላኑ ላይ ይስተካከልና» ይሁን። ፌሮ ታስሮ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የሚጠራው ተቆጣጣሪ ሳይመጣ አትሙሉ፣ ሚክሰሩ በር ላይ ቆሞ ቢሆንም እንኳ።

ግድግዳው ሳይለሰን በፊት ደግሞ ስልካችሁን ይዛችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ። እያንዳንዱን ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ፎቶ አንሱት፣ ቧንቧውና የመብራት ሽቦው እንደታየ፣ ሜትሩን ከጥጉ ጀምራችሁ ዘርግታችሁ ቁጥሩ ፎቶው ውስጥ እንዲነበብ። የክፍሉን ስም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጥጉ ላይ አስደግፉት፤ ልስን ከተደረገ በኋላ አንዱ ባዶ ግድግዳ ከሌላው አይለይም።